ስለ ደስታ በሽታና ስለ ከብት ደም ምርመራ



ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ካለው ከሱሉልታ ሜዳ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ወተት ከቁርስ ገበታዎ ይደርስ ዘንድ፥ አስቀድሞ ላሟ በሕይወት መኖር አለባት። ይህን መናገር ከንቱ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን አባቶቻችን በመራራ የተማሩት ይኸንኑ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ በመታጣቱ እርሻው ጦም አደረ፤ ከዚያም ሰው በረሀብ አለቀ። የዚህ በሽታ ስም «ደስታ» መባሉ ዘወትር ይደንቀኛል፤ ምናልባት ክፉን ነገር በስሙ መጥራት ስለሚያስፈራ ይሆናል።

በኋላ ዘመን ክትባት ተገኘ፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ተመረተ። ዳሩ ግን ክትባቱ ራሱ አንድ ችግር አስከተለ። የተከተበውም ከብት፥ ታሞ የዳነውም ከብት በደማቸው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚገኝ፥ በምርመራ ጊዜ ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር። ታዲያ በሽታው መጥፋቱ በምን ይታወቃል? ክትባቱን አቁሞ፥ ከዚያ ወዲያ የተወለዱትን ጊደሮችና ወይፈኖች ደም መመርመር ነው። «ክትባቱ ይቁም» ብሎ መፈረም ምን ያህል እንደሚከብድ እርስዎ በሥራዎ የሚያውቁት ነው፤ በሽታው ተደብቆ ቢኖር ያልተከተበው መንጋ ይረግፋልና።

ስለዚህ የማያሳስት ምርመራ አስፈለገ። የበግና የፍየል «ደስታ መሰል» በሽታ ቫይረስ ለከብቱ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፥ በቀድሞው ምርመራ አንዱ ከሌላው ይምታታ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ1967 ዓ.ም. ኮለርና ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንት በካምብሪጅ፥ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱ። የተገኘው ሕዋስ ሳያቋርጥ ይራባል፤ የሚያመነጨውም አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ነው። ይህም ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ይባላል። ዛሬ በዚሁ መሣሪያ ንፍጥንና ምራቅን የሚያሙለጨልጨው ሙሲን በላቦራቶሪ ይፈለጋል፤ አንዳንድ ካንሰር ሙሲንን ወደ ደም ስለሚያፈስ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

የከብቱ ምርመራ አሠራር እንዲህ ነው። የቫይረሱ አካል በተለጠፈበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ የከብቱ የደም ውኃና ሞኖክሎናሉ አብረው ይጨመራሉ። ከብቱ ፀረ እንግዳ አካል ካለው ቦታውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሞኖክሎናሉም መቀመጫ አጥቶ ታጥቦ ይሄዳል። ከብቱ ከሌለው ግን ሞኖክሎናሉ ይጣበቃል፤ በመጨረሻ የሚጨመረው መድኃኒትም ቀለም ያወጣል። እንግዲህ ቀለም መውጣቱ የምሥራች ነው። ከሱሉልታ ብዙም በማይርቀው በሰበታ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ደም መርምሯል።

ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀላት፤ ዓለም በሙሉ ነጻ መሆኑ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። «ደስታ መሰል» ግን በበጎችና በፍየሎች ላይ ገና አለ፤ የደም ምርመራውም ለእርሱ ቀጥሏል።