ጎራዴው የሚመሰክረው



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ቡሬ አጠገብ ካለው የአያቴ ቤት፣ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የዛገ ጎራዴ አወረድሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አበራሁት። አያቴ አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ጽሕፈቱስ?» አሉኝ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መባቻ ወደ አገራችን ከገቡት የጎራዴ ብረቶች ብዙዎቹ በጀርመን አገር፣ በዞሊንገን ከተማ የተሠሩ ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ፊደል ጽሕፈት በአሲድ ተቀርጾባቸዋል። ቅርጹ ጥልቀት ስለሌለው ከዝገቱ ጋር ተፍቆ ይጠፋል።

ጥንታዊ የጦር መሣሪያን ለመለየት በመጀመሪያ ቅርጹን እንመለከታለን። ሾተል እንደ ማጭድ የታጠፈና በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ ጎራዴ ግን በመጠኑ የጎበጠና ባለ አንድ ስለት ነው። ቀጥሎ ከእጀታው ሥር የሠሪውን ማኅተም እንፈልጋለን። በመጨረሻም እጀታውንና ሰገባውን እንመረምራለን፤ ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ እጀታና በአገር ቆዳ የተለበጠ ሰገባ የእኛ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ናቸው።

ታዲያ የዞሊንገን ማኅተም ያለበት ጎራዴ የማን ነው? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1840 ለፈረሰኛ ጦሯ የመረጠችውን ጎራዴ የመጀመሪያዎቹን ከዚያችው ከተማ ነበር ያስመጣችው፤ ሰብሳቢዎች ግን የአሜሪካ ይሉታል፤ አዝዞ ያስመጣውና የታጠቀው የአሜሪካ ጦር ነውና። በኋላ በአሜሪካ በተሠሩት ላይ የተሠሩበት ዓመትና የመርማሪው ስም መነሻ ፊደላት ተመትተው ስለሚገኙ፣ ሰብሳቢው ብረቱን እንደ ሰነድ ያነበዋል። በእኛ ጎራዴ ላይ ይህን የሚተካው አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ቃል ነው፦ ማን ታጠቀው? ማን ሸለመው? የት ዘመተበት? ቃሉ ሳይመዘገብ ጎራዴው ከተሸጠ፣ ለገዢው የሚደርሰው ብረቱ ብቻ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

ስለዚህ ለመስክ ጥናት ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገጠር የምትወጡ ተማሪዎች ሆይ፣ ዝገቱን አትንኩ። ፎቶግራፍ አንሡ፤ ርዝመቱን ለኩ፤ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ቃሉን ጻፉ፤ ጎራዴውንም በቦታው ተዉት።

በዚያ ቀን አያቴን ጽሕፈቱ ምን ይል እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። አላወቁትም፤ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። የተማረው የልጅ ልጃቸው መጥቶ እስኪያነብላቸው ይጠብቁ ነበር።