አጥንት ተሰንቅሮበት ነው

(በማህበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



የአዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ "አንተ የእንስሳት ሐኪም ነህ፤ በሽተኞችህ አይናገሩም፣ ምስጢራቸውን ብታወጣ አይከሱህም፤ የሚያስቅ ነገር አውራን" አለኝ። እሺ ብያለሁ። የሚያስቀውን አስቀድማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለ30 ዓመት ያላወራሁትን አንድ ነገር እነግራችኋለሁና ትዕግሥት ስጡኝ።

አዲ አርቃይን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። ከደባርቅ ተነስታችሁ ሊማሊሞን ስትወርዱ፣ ጆሯችሁ እየተደፈነ፣ ብርዱ ከኋላችሁ እየቀረ፣ ዛሪማን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ቀና ስትሉ የስሜን ገደል እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ላይኛው ደጋ ጭላዳና ዋልያ አለው፤ እኛ ታች ያለነው ድርሻችን ዝንጀሮና ጦጣ ነው። ማሽላ ሲያሽት ጠብ ከእነሱ ጋር ነው።

እኔም የመጀመሪያዋን እንስሳዬን ያገኘሁት ከዚያ ጠብ ነው። እናቷን ገበሬዎች ማሽላ ላይ ገደሏት፤ ግልገሏ ጡቷ ላይ እንደተጣበቀች ቀረች። አባቴን ለምኜ ወሰድኋት። ሚሚ አልናት። የፍየል ወተት በጨርቅ እያጠባሁ አሳደግኋት። ቀን ቀን ውሻችን ዳማ ጀርባ ላይ ተፈናጣ ትዞራለች፤ ማታ ፀጉሬን እየበረበረች ቅማል ትፈልጋለች፤ (ታገኝም ነበር!)። የጎረቤት እንቁላል የሚጠፋው በእሷ ነው። አንድ ጊዜ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ ገብታ ዓይኗን አሽታ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። ትልቁ ወንጀሏ ግን የማህበር ዕለት ነው። የነፍስ አባታችን ጠላ ቀርቦላቸው ጸሎት ሊያደርሱ ሲነሱ፣ ከጣራ ላይ ወርዳ ጥምጣማቸውን ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። ጥምጣም ርዝመቱ ስንት እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እሳቸው ከሁላችንም በላይ ሳቁ።

እንዲህ ያለው ወሬ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ሚሚ ካደገች በኋላ መናከስ ጀመረች። እኔ ልጅ ነኝ፣ አላወቅሁም፤ ጦጣ ሲጎለምስ በመንጋው ውስጥ ቦታውን የሚያስከብረው በጥርሱ ነው፤ የእሷ መንጋ ደግሞ እኛ ነን። አባቴ ወገቧ ላይ ገመድ አሰረላት። አንድ ጠዋት ገመዱ አጥር ላይ ተጠምጥሞባት ሞታ አገኘናት።

ያን ጊዜ የተማርሁት ነገር አለ ብል ውሸት ነው። አለቀስሁና ረሳሁት። ሐኪም ሆኜ ነው የመጣብኝ።

የዱር አውሬ ማሳደግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር ፋሲል ግቢን የጎበኘ የአንበሶቹን ቤት አይቷል። አፄ ቴዎድሮስ እንግዳ ሲቀበሉ ለማዳ አንበሶች አብረዋቸው እንደነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል፤ ሥዕልም ስለውታል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ያቋቋሙትን የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢማ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዶርም ውስጥ ለፈተና ስናጠና ሊነጋጋ ሲል ያገሱ አልነበር? አንድ የወለጋ ልጅ "የአንበሳ ድምፅ ሰምቼ የማላውቅ የገጠር ልጅ፣ ለመስማት አዲስ አበባ መጣሁ" ያለው ትዝ ይላችኋል። ንጉሡ አንበሳ ነበራቸው፤ ግን ሰው የሚያወራው ስለ ትንሿ ቺዋዋ ውሻቸው ነው። አንበሶቹን በስም የሚያውቅ የለም፤ የሉሉ ስም ግን ዛሬም ይነሳል።

አሁን ደግሞ ንጉሥ ያልሆነውም አውሬ ያምረዋል። አዲስ አበባ ስሠራ አንድ ባለ ገንዘብ ሰው ቪላው ጠራኝ። "ድመቷ መራመድ አቃታት" አለኝ። ገብቼ ሳይ የአቦ ሸማኔ ግልገል ናት። እግሮቿ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። ምን እንደሚያበላት ስጠይቀው ኮራ ብሎ "ንጹሕ ቀይ ሥጋ፤ አጥንት አይነካትም" አለኝ። በሽታዋ ይኸው ነበር። አጥንት የሌለበት ሥጋ ብቻ የበላ ግልገል ካልሲየም ያጣና አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ይሰበራል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ይዞ መገኘት እንደሚያስጠይቀው ነገርሁት፤ ሆለታ አጠገብ እንሰሳኮቴ የሚባል የእንዲህ ያሉ እንስሳት ማገገሚያ እንዳለም ጨመርሁለት። አመሰገነኝ፣ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አንስቶ አያውቅም። እነዚህ ግልገሎች አብዛኞቹ ከምሥራቁ ቆላ ከእናታቸው ተነጥቀው በሶማሌላንድ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚሻገሩ ናቸው፤ መንገድ ላይ የሚሞተው ብዙ ነው።

እንግዲህ የሚያስቀው እዚህ ላይ ያበቃል።

ወደ ዳማ ልመለስ። በእኛ አገር ውሻ የቤት ነው እንጂ የቤተሰብ አይደለም። ደጅ ያድራል፣ የተረፈ ይበላል፣ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ሲታመም "አንድ ነገር ሆኗል" ይባላል እንጂ ማንም አይመረምረውም። ሰው ውሻውን አይወድም ማለቴ አይደለም፤ እኔ ዳማን እወደው ነበር። መውደዱ ግን ምን እንድናደርግለት እንደሚጠይቅ አናውቅም።

1984 ዓ.ም. ነው፤ አሥር ዓመቴ ነበር። ዳማ ሁለት ቀን ጠፍቶ መጣ። ታችኛው መንጋጋው ወርዷል፣ ልጋጉ ይዝረከረካል፣ ሊጮኽ ሲል ድምፁ የሌላ ውሻ ነው። ሊውጥ ይሞክራል፣ አልሆነለትም። በመንገድ ያለፈ አንድ ትልቅ ሰው አየውና "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው፤ አውጡለት" ብሎ ሄደ። ከእኔ ጋር አንድ አብሮ አደጌ ነበር። እሱ መንጋጋውን ያዘ፣ እኔ እጄን እስከ ጉሮሮው አስገባሁ። አጥንት የለም። እጄን ሳወጣ ጥርሱ ጫረኝ፤ ትንሽ ደም። ጓደኛዬን አልነከሰውም። ግን እረኛ ነው፤ ጣቶቹ በግራር እሾህ የተቦጫጨሩ ነበሩ፤ ልጋጉን በቁምጣው ጠረገው።

በማግሥቱ ዳማ አህያ ነከሰ፤ "አብዷል" ተባለና ተገደለ። እናቴ እጄን አየች። "ማን ማን ነክቶታል?" አለችኝ። "እኔ ብቻ" አልኋት።

ለምን? ጓደኛዬ ያን ዕለት የአባቱን ፍየሎች ጥሎ ነበር የመጣው። እንዳትናገር ብሎ አስምሎኛል። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ።

እናቴን ሰዎች ፀበል አስጠምቂው፣ ወንዝ ግን እንዳይሻገር አሏት። ፀበሉን አልተወችም፤ በማግሥቱ ግን በጭነት መኪና ጋቢና ጭና፣ ሊማሊሞን አስወጥታ፣ ስንቱን ወንዝ አሻግራ ጎንደር አደረሰችኝ። አክስቴ ቤት ተቀመጥን። የዚያን ጊዜው ክትባት ከበግ ወይም ከፍየል አንጎል የሚዘጋጀው ነው፤ 14 ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጉት። ከእናንተ መካከል የቀመሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ አዎ፣ ይኸው ሁለት ሰው። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተመለስሁ። ጓደኛዬ መርፌ የገባበትን ቦታ አሳየኝ ብሎ ሸሚዜን ገልጦ አየና ሳቀብኝ። ያን ቀን እንኳ "አንተም ሂድ" ማለት አልመጣልኝም።

ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ውኃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ ቡዳ ነው አለ፣ ሌላው ዛር። በአራተኛው ቀን አረፈ። ስለ ዳማ ማንም አላነሳም። የሚያነሳው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አላነሳሁም።

ደብረ ዘይት ፋኩልቲ ሳለን መምህራችን የእብድ ውሻ በሽታን ሲያስተምሩን ጥቁር ሰሌዳው ላይ መንጋጋው የወረደ ውሻ ሣሉና "ባለቤቱ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው ይላችኋል፤ እጃችሁን እንዳታስገቡ" አሉ። ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። ምን ሆነህ ነው ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል። ጥርሴን አሞኝ ነው ብያችሁ ነበር።

በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞተው ሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚይዘው ከውሻ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ክትባት መጀመር ያድናል። ንክሻ ብቻ አይደለም፤ ልጋግ የተቧጨረ ቆዳ ከነካም ያው ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70ው በየጊዜው ቢከተቡ ደግሞ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ልጆች ያላችሁ ይህችን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

በሽታው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። ከከብትና ከበግ ጋር ወደ ስሜን ደጋ የሚወጣው የእኛው ውሻ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ የተባለው በእኛው በስሜን ነው። በመላው ዓለም፣ ማለትም በኢትዮጵያ ብቻ፣ ከ500 የማይበልጥ የቀረ፣ ስሜን ላይማ ከመቶ በታች የሆነ እንስሳ ነው። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የተነሳው በሽታ ዌብ ሸለቆ ሲገባ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ገድሏል። ባሌ ይህን ከደረሰበት፣ ስሜን ላይ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ መንጋዎች በአንድ ክረምት ሊያልቁ ይችላሉ። ከዳማ ዓይነት አንድ ውሻ ይበቃል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ሰው ነፍሱን ይዞ ወጣ፤ ውሻው ቀረ። ሰላም ሲሆን ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ስወርድ ባለቤት የሌለው ውሻ በመንጋ ይዞር ነበር። ያኔ ነው ሁለት የሙያ ጓደኞቼን ይዤ፣ በራሳችን ወጪ ክትባት ገዝተን፣ ጥር 2015 ላይ የወረድነው። በሦስት ቀን ሁለት መቶ ያህል ውሻ ከተብን። ገመድ አይቶ የማያውቅ ውሻ መክተብ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ሱሪዬ ይመስክር። ወንዶቹ በከተማ መሐል ውሻ ጎትቶ መምጣት ያፍራሉ፤ ያመጡልን ልጆችና ሴቶች ናቸው።

በሁለተኛው ቀን የጓደኛዬ እናት መጡ፤ አርጅተዋል። ቡችላ ነገር በነጠላቸው አቅፈዋል። አላወቁኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። መርፌውን አይተው "ይኼ ለእብድ ውሻ ነው? ያኔም ነበር እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

"ነበር እማማ" አልኋቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ፍየሎቹን፣ መንጋጋውን፣ መሐላውን። ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙ ዝም አሉ። "አሥር ዓመትህ ነበር" አሉኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን ዕድሜዬን ሲቆጥሩ እስካሁን አልገባኝም። ከዚያ ቡችላውን ዘረጉልኝና "እንዳይነክስህ፣ ደህና አድርጌ እይዘዋለሁ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሄድነው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ውኃ መውጋት ማለት ነው፤ አዲ አርቃይ ደግሞ ቆላ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። እስካሁን በረዶውን የምናቀዘቅዘው ደባርቅ አንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ በፆም ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። የክትባት ማጓጓዣ በረዶ ሳጥን ያላችሁ፣ ወይም የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ያለው፣ ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሁለት ይበቃናል። መንገዱ ከተከፈተ ከጥምቀት በኋላ እንወርዳለን።