ከውሳኔው ሰዓት በፊት



የሕክምና ትምህርት አንድ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን በምን ያህል መጠን እንደሚሰጥና መቼ እንደሚከለከል ያስተምራል። መድኃኒቱ ለሁሉም ሳይበቃ ሲቀር ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ግን በላቦራቶሪ ምርመራ የሚመለስ ባለመሆኑ፣ የሰው ልጅ ድርጊት ትክክል ወይም ስሕተት የሚሆንበትን ምክንያት ወደሚመረምረው የዕውቀት ዘርፍ፣ ወደ ሥነ ምግባር ፍልስፍና ይመራል።

ይህን ጥያቄ በጥንቃቄ ከመረመሩት መካከል በኦክስፎርድ ያስተማሩት እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት ይገኙበታል። ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ሁኔታዎችን ጎን ለጎን አቀረቡ። በመጀመሪያው፣ እጥረት ያለበትን መድኃኒት አንድ ሕመምተኛ ለመዳን በሙሉ ይፈልገዋል፤ ሌሎች አምስት ሕመምተኞች ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንድ አምስተኛው ይድናሉ። በሁለተኛው፣ በጠና የታመሙ በርካታ ሰዎች የሚድኑት አንድ ሰው ተገድሎ ከአስከሬኑ መድኃኒት ከተዘጋጀ ብቻ ነው። በሁለቱም አንድ ሰው ሞቶ ብዙዎች ይተርፋሉ፤ ሆኖም አምስቱን ማዳን ተገቢ ነው ከሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ግድያውን አጥብቀው ይኮንናሉ።

ፉት ልዩነቱን ያብራሩት ግዴታን ለሁለት በመክፈል ነው። ሰውን ከመጉዳት የመቆጠብ ግዴታ በፍልስፍናው አጠራር አሉታዊ ግዴታ ሲባል፣ ለተቸገረ የመድረስ ግዴታ አዎንታዊ ግዴታ ይባላል። በመድኃኒቱ ጉዳይ የሚጋጩት አንዱን መርዳትና አምስቱን መርዳት፣ ማለትም አንድ ዓይነት ግዴታዎች ስለሆኑ የሰዎቹ ቁጥር ሚዛን ይደፋል፤ በሌላው ግን የመርዳት ግዴታ የሚጋጨው ካለመግደል ግዴታ ጋር በመሆኑ፣ ይህ ኋለኛው ይበልጥ የጠበቀ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ጽሑፍ ፉት፣ መቆም ያቃተውን ባቡር አምስት ሰዎች ካሉበት ሐዲድ አንድ ሰው ወዳለበት ስለሚያዞር ነጂ ጽፈው ነበር። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ባቡሩን የሚያዞረው ነጂው ሳይሆን ዳር የቆመ ሰው ቢሆንስ ሲሉ ጠየቁ። ይህ ሰው ከነጂው በተለየ ዝም ቢል ማንንም አይገድልም፤ ቢያዞር ግን ይገድላል፤ ስለዚህ በፉት መለኪያ ማዞር ባይገባውም፣ ቶምሰን ማዞሩ የተፈቀደ ነው በማለት የመለኪያውን ጉድለት አሳዩ። ከሃያ ዓመታት በላይ ካሰቡበት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ይህንኑ ድምዳሜያቸውን ራሳቸው ሻሩት። አንባቢ ከዚህ የሚማረው መልስ የለም ብሎ ተስፋ መቁረጥን ሳይሆን፣ በምክንያት የተያዘ አቋም የተሻለ ምክንያት ሲመጣ በክብር ሊለወጥ እንደሚችል ነው።

ፉትን ወደ ሥነ ምግባር ፍልስፍና የገፋቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሕዝብ የታየው የናዚ የእስር ካምፖች ምስል ነበር። የሥነ ምግባር ፍርድ የተናጋሪው ስሜት መግለጫ ብቻ ነው የሚለው አስተምህሮ በዘመኑ በእንግሊዝ ፍልስፍና ትልቅ ቦታ ነበረው። ያ አስተምህሮ እውነት ከሆነ ግን፣ ወንጀሉን የሚያወግዘውና የፈጸመው ሰው የሚለያዩት በስሜት ብቻ ይሆናል፤ ፉት ይህን ሊቀበሉ ስላልቻሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እስከታተመው መጽሐፋቸው ድረስ የመልካምነትን መሠረት ሲፈልጉ ኖሩ።

ይህ ታሪክ የጤና ባለሙያን በቀጥታ ይመለከታል። የጽኑ ሕሙማን አልጋ አንድ ብቻ በቀረበት ሌሊት መጽሐፍ ለመግለጥ ጊዜ አይኖርም፤ አልጋው ያልደረሰው ሕመምተኛ ቤተሰብ ግን ምክንያቱን የመጠየቅ መብት አለው፤ «እንዲህ መስሎኝ ነው» የሚል መልስም ለዚያ ቤተሰብ አይበቃም። የሥነ ምግባር ፍልስፍናን አስቀድሞ ማንበብ፣ የማይስማሙበትን ደራሲ በጠንካራ መከራከሪያው መመዘን፣ አንድን መርሕ በአስቸጋሪ ምሳሌ መፈተንና ከባልደረባ ጋር መወያየት፣ ባለሙያው በዚያ ሰዓት ለሚሰጠው ውሳኔ ምክንያቱን በግልጽ ተናግሮ ተጠያቂ እንዲሆን ያዘጋጁታል።

ስለዚህ የዕለቱ የጤና ሳይንስ ተመራቂዎች ከሙያ መጻሕፍታቸው ጎን ይህን ንባብ እንዲያኖሩት፣ የሥራ ዘመናቸውም ለሰው ሕይወት ክብር የሚሰጡበትና ለሚሠሩት ሁሉ ምክንያት የሚያቀርቡበት እንዲሆንላቸው ከልብ የመነጨ ምኞት ይቀርብላቸዋል። ለእነርሱም፣ ላሳደጓቸውና ላስተማሯቸው ሁሉ እንኳን ደስ ያላቸው።