ኮምፒዩተር ሳይነኩ የኮምፒዩተርን ትምህርት ስለ መጀመር
(ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ከመካከላችሁ ብዙዎቹ ኮምፒዩተር በእጃቸው ሳይዙ ወደዚህ እንደ መጡና ትምህርቱ እንዳያመልጣቸው እንደ ሠጉ ሰምቻለሁ። ሥጋቱ ከንቱ ነው እላለሁ። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም.፣ ስሌት ምን እንደሆነና ወሰኑ እስከ የት እንደሚደርስ ሲጽፍ ዛሬ የምናውቀው ኮምፒዩተር ገና አልተሠራም ነበር። ያን ጊዜ «ኮምፒዩተር» ማለት በእርሳስና በወረቀት የሚያሰላ ሠራተኛ ነበረ።

እንግዲህ እኛም በወረቀት እንጀምር። በአንድ መዝገብ ቤት 1000 የተማሪ ፋይሎች በፊደል ተራ ተደርድረዋል እንበል። አንዱን ከመጀመሪያው እየገለጥን ብንፈልግ መከራችን እስከ 1000 ሊደርስ ይችላል። መካከለኛውን አንሥተን «የምንፈልገው ስም ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብንል ግን ግማሹ ባንድ ጊዜ ይወገዳል። የቀረውንም እንደዚሁ እያካፈልን ብንሄድ ቢበዛ በ10 ጊዜ እንጨርሳለን። ፋይሉ 1,000,000 ቢሆንስ? 20 ጊዜ ይበቃል!

ነገር ግን ዘዴው የሚሠራው ተራው የማያሻማ ሲሆን ነው፤ እዚህ ላይ ፊደላችን ይፈትነናል። ኃይሉ የሚለውን ስም አንዱ ጸሓፊ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል። ድምፃቸው አንድ ነው፤ በተራ ግን ሀ 1ኛ፣ ሐ 3ኛ፣ ኀ 13ኛ ናቸው። ፋይሉ በኀ ተቀምጦ ሳለ በሀ የሚፈልገው ሰው 10 ጊዜ ገልጦ «የለም» ይላል። ልምድ ያለው መዝገብ ያዥ ጠርጥሮ ሌላም ቦታ ያያል፤ መኪናው ግን ካልነገሩት በቀር አይጠረጥርም፤ የሚጉላላውም ኃይሉ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ከመደርደሩ አስቀድሞ፣ የስሙን አጻጻፍ ለባለቤቱ ትተን፣ ለተራ ጉዳይ ብቻ ሦስቱ እንደ አንድ ፊደል እንዲቈጠሩ መወሰን አለብን። ይህን ለመወሰን ደግሞ የኤሌክትሪክ ኀይል አያስፈልግም።

በኒው ዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤልና ባልደረቦቹ ይህን የመሰለውን ትምህርት በካርድና በጨዋታ ለሕፃናት ሲያስተምሩ ቈይተዋል። ሕፃናት የቻሉትን እኛም ሳንችል አንቀርም መሰለኝ!

በጠረጴዛው ላይ ስም የተጻፈባቸው 31 ወረቀቶች በተራ ተደርድረው ተደፍተዋል። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ቅረቡ፤ አንዳችሁ ስም ጥሩ፣ ሁለተኛው ከ5 ጊዜ በላይ ሳይገልጥ ይፈልግ። ኃይሉም ከስሞቹ መካከል አለበት።