የከበሮ አትሮንስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከእኔ በፊት የተናገሩት ባልደረቦቼ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ ያቀረቡትን ጥናት ካዳመጣችሁ በኋላ፣ ከአንድ ሜትር ስለማይረዝም፣ ያለ አንዲት ምስማር ከጥቂት እንጨትና ከጠፍር ስለተሠራ ዕቃ ልናገር ስነሣ ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ እሰጋለሁ። ዕቃው የከበሮ ማስቀመጫ ነው። ለሥራው የበቃው በሁለተኛው ሙከራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እንዴት እንደ ከሸፈ ሳልደብቅ ለመናገር ነው ዛሬ ከዚህ የቆምኩት።

ነገሩ የተጀመረው በትውልድ አገሬ በመካነ ሰላም ነው። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ አባይ ሸለቆ ለሚያመራ መንገደኛ የቦረና ዋና ከተማ ሆና የምትጠብቀው ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የሌሊቱ ብርድ ለእንግዳ አይራራም። በዚያ አገር በአንደኛው ጋራ የማኅሌት ከበሮ፣ በሌላው ጋራ የመንዙማ ድቤ ሲሰማ ያደገ ልጅ፣ የሁለቱን ድምፅ ለመለየት ማንም አያስተምረውም። ከበሮ ከምን ላይ እንደሚያርፍ ግን እኔም ብሆን እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ከከተማ ላደጋችሁት አጭር መግለጫ ልስጥ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከአንድ ግንድ፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሾጣጣ ዕቃ ነው። ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ሁለቱም በቆዳ ይለጎማሉ፤ ቆዳዎቹንም ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ የሚወጥራቸው ጠፍር ነው። በላዩ ጨርቅ ወይም ግምጃ ይለብሳል፤ ለአንገትም ማንገቻ ይበጅለታል። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ ጠፍሩን በጌታ ሰውነት ላይ በታየው የግርፋት ሰንበር፣ ማንገቻውን በታሠረበት ገመድ እየመሰሉ ይተረጉሙታል። መሐንዲስ ይህን ትርጓሜ ከሥራው ውጭ አድርጎ ሊያልፈው ይከጅለዋል፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር።

የእናቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ናቸው። አቋቋም ተምረው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ደብር ከበሮ ሲመቱ ኖረዋል። በ2010 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሰባን አልፎ፣ አንገታቸው ወደ ግራ አልዞር ብሎ፣ ሐኪም ከእንግዲህ በአንገታቸው ሸክም እንዳያንጠለጥሉ ከልክሏቸው አገኘኋቸው። ያስተማሯቸው ወጣቶች ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ባሕር ማዶ ሄደዋል። ከበሮውን ቢተዉ የሚረከባቸው አንድ ገና ያልጠና ዲያቆን ብቻ ነበር። «አንተ ብረት ትቀጥላለህ ይሉናል፤ እስቲ ለዚህ መቆሚያ ሥራለት» አሉኝ። የተጠየቅሁት ይኸው ነበር፤ የፈጸምኩትም ስሕተት ቃሉን እንደ ሰማሁት መውሰዴ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሼ ሥዕል ነደፍኩ። አራት እግር ያለው፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በቱቦላሬ ብረት የተበየደ መቆሚያ ነበር። ከበሮው የሚተኛባቸው ሁለት ግማሽ ክብ ቅስቶች አሉት፤ ቅስቶቹንም ድምፅ እንዳያንኳኩ በካላማዳሪ ጎማ ሸፈንኳቸው። ቀለም ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ሲያዩት ያምር ነበር፤ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ መካነ ሰላም ሲደርስም ልጆች ከበውት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ለጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም ማኅሌት ሥራ ላይ ዋለ። እንደምታውቁት በማኅሌት ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይዜማል፤ ዝማሜው በመቋሚያ ነው፤ ከበሮው የሚገባው በመረግድ ነው። መጀመሪያ መሬት ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፤ ዜማው እየፈጠነ ሲሄድ መቺው አንግቶት ይነሣል፤ ከዘማሪዎቹ ጋር ጎንበስ ቀና፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። የእኔ መቆሚያ ግን ወገብ ላይ የተገተረ ስለሆነ በዝግታው ክፍል ተቀምጠው ሊመቱበት አልቻሉም፤ በፈጣኑ ክፍል ደግሞ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ዘማሪው ሁሉ እንደ ማዕበል ሲንቀሳቀስ፣ መሪጌታ በር እንደሚጠብቅ ዘበኛ ብረቱ አጠገብ ቆመው ቀሩ። በዚህ ላይ ወለሉ ወጣ ገባ ነውና አራቱ እግሮች እኩል አልረገጡም፤ በተመታ ቁጥር ይንገዳገድ ነበር። ባዶው ቱቦ ደግሞ ራሱን የቻለ ድምፅ ነበረው፤ ከከበሮው ቀጥሎ እንደ ጣሳ ያንኮሻኩሽ ነበር።

ወረቡ ሲጀመር ከበሮውን ከብረቱ ላይ አነሡት፣ አነገቱት፣ እስኪነጋም አላወረዱትም። በማግሥቱ አንገታቸውን ከትራስ ማንሣት አቃታቸው። እኔም ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ የምለው ጠፍቶኝ ሳለ፣ «መጽሐፉ አትሮንስ አለው፤ አትሮንሱ ግን አብሮን አይዘምም» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ለእኔ ግን ከወቀሳ ይብስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብረት አልነካሁም። የሚቀጥሉትን ሁለት በዓላት ግድግዳ ተደግፌ፣ ሰዓቴን እየተመለከትኩ በማኅሌት አደርኩ። ያስተዋልኩት ነገር አስገረመኝ፤ በዚያ ደብር ከበሮው በአንገት ላይ የሚቆይበት ጊዜ መሬት ላይ ከሚቆይበት ያነሰ ነው። መሪጌታን ይበልጥ የሚጎዳቸውም መሬት ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ነበር። አጎንብሰው ይመታሉ፤ እየመቱም ከበሮው እንዳይንከባለል በጉልበታቸው ይገፉታል፤ ከዚያ በተጣመመው ወገባቸውና አንገታቸው ከወለል ያነሡታል። ሰውም ሐኪምም የሚያየው ማንገቻውን ነው፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሯል።

ከበሮው ለምን ይንከባለላል? ይህ የሾጣጣ ነገር ጠባይ ነው። የለካሁት ከበሮ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው አፍ 40፣ ጠባቡ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 11 ኪሎ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ወለል ላይ ሲተኛ የመካከል መሥመሩ 6 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ሲገፋም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሬድየስ ክብ እየሠራ ይዞራል። ስለዚህ መቺው ጉልበቱን ያስጠጋል፤ ወይም ነጠላ አጥፎ ሥሩ ይወትፋል። ጉልበቱም ነጠላውም ጎኑንና ቆዳውን ስለሚነኩ ድምፁን ያፍኑታል። የከበሮ ሁለቱ ቆዳዎች በመካከላቸው ባለው አየር የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ሲመቱት ሌላውም ይነዝራል። አንዱን የያዘ ሁለቱንም ያዘ ማለት ነው።

ይህን ችግር ዓለም ሁሉ በየራሱ መንገድ ገጥሞታል። ኮንጋ የተባለውን የኩባ ከበሮ ተቀምጠው የሚመቱ ሰዎች የታችኛው አፍ በወለል እንዳይታፈን በጉልበታቸው ከፍ ያደርጉታል። የባንድ ከበሮ ሠሪዎችም በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጎኑን በስቶ በብሎን መያዝ ድምፁን እንደሚያሳጥር ተረድተው በጠርዙ በኩል ማንጠልጠል ጀመሩ። የእኛ አገር ነጋሪት ደግሞ በጉዞ ጊዜ በበቅሎ ጀርባ ላይ ተጭኖ ይመታ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ለተቋቋመው ጋዜጣ ስሙን ያወረሰው ይህ ነጋሪት መቆሚያው በቅሎ ነበረች፤ ከዚህ የተሻለ የሚራመድ መቆሚያ የነደፈ መሐንዲስ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለእኔ መልሱ የተገኘው ግን ከሩቅ አይደለም። ሐሳቡ የመጣልኝ በአያቴ ቤት በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቼ ሳለሁ ነው። የጠፍር አልጋ ሰውን በጥቂት ነጥብ ሳይሆን በመላ ሰውነቱ ይሸከማል፤ እንደ ተኛውም ሰው ቅርጽ ይረግባል። ጠፍር ለከበሮው ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ ራሱ የተወጠረበት ነገር ነው። የብረቱ ቅስት የከበሮውን ጠፍር በአንድ መሥመር እየተጫነ፣ ጎማውም ግምጃውን እየያዘ ሲያበላሽ ተመልክቼ ነበርና፣ ከበሮውን የሚነካው ነገር ለስላሳ፣ ሰፊና ከእርሱ ጋር የሚንቀሳቀስ መሆን እንዳለበት አመንኩ።

በመካነ ሰላም ካለ አንድ አናጢ ጋር ተቀመጥን። ከበሮውን በዱላ ላይ አጋድመን ስናመዛዝነው የክብደት ማዕከሉ ከሰፊው አፍ 31 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ አንደኛውን የጠፍር ማረፊያ ከሰፊው አፍ 15፣ ሁለተኛውን 55 ሴንቲ ሜትር ላይ አደረግን። ከክብደቱ ስድስት አሥረኛው በፊተኛው፣ አራት አሥረኛው በኋለኛው ላይ ያርፋል። የኋለኛው ማረፊያ ከፊተኛው በ4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከበሮው ሳያዘነብል የሚተኛው በዚህ ነው። እግሮቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ በሰፊው አፍ፣ አንዱ በጠባቡ በኩል። ሦስት እግር በምንም ዓይነት ወለል ላይ አይንገዳገድም። ይህን የማኅበራችን አባላት በሙሉ በአንደኛ ዓመት ተምረነዋል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ሥዕል ላይ አራት እግር የሣልኩት ለዓይን ስለሚያምር ብቻ ነበር።

የምቱን ኃይል ጉዳይ አናጢው ቀድሞኝ ገባው። እጆቹ የሚያርፉት በሁለቱ አፎች ላይ ስለሆነ ኃይሉ ወደ ታች አይወርድም፤ በርዝመቱ አቅጣጫ ይገፋል። ጠንካራው ምት በሰፊው አፍ ላይ ሲያርፍ ከበሮው ወደ ጠባቡ ወገን ይነዳል፤ ሾጣጣ ነውና ወደዚያ በተነዳ ቁጥር በጠፍሩ መካከል እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል። ማሰሪያ አላስፈለገውም። እግሮቹ ወይራ ናቸው፤ ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተላልፎ ታሰረ፤ ሲደርቅም እየተኮማተረ መገጣጠሚያዎቹን ራሱ አጠበቃቸው። ከፍታው ከበሮውን ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያነሣል። ትንሽ ይመስላል፤ ተቀምጦ ለሚመታ ሰው ግን አጎንብሶ በማደርና ቀና ብሎ በማደር መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

መሪጌታ ሲያዩት በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጥንካሬው አልነበረም። «ቤተ ክርስቲያን ይገባል?» አሉ። ከሌሎቹ ሊቃውንት ጋር ተነጋገሩበት። ሰው በመቋሚያ ይደገፋል፤ መጽሐፍ በአትሮንስ ላይ ይዘረጋል፤ ከበሮም መሬት ሲቀመጥ ከሥሩ አትሮንስ ቢኖረው የሚያጎድለው ሥርዓት የለም፤ ማንገቻው ግን ከትርጓሜው ጋር በቦታው ይኑር ተባለ። ስሙም በዚያው ወጣለት። ማንገቻውን በተመለከተ እኔ የተፈቀደልኝ ስፋቱን መጨመር ብቻ ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር የነበረውን ወደ 8 አሳደግነው፤ ሸክሙ አልቀነሰም፤ በሰፊ ቦታ ላይ ግን ተከፋፈለ።

በ2012 ዓ.ም. ለልደት ማኅሌት አትሮንሱ ገባ። ከበሮው አልተንከባለለም፤ የመሪጌታ ጉልበትም አልነካውም። የመጀመሪያውን ምት መትተው እጃቸውን አየር ላይ አቆዩ፤ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ እኔ ዞር ብለው አዩ። አንገታቸው ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የዞረው። የመሣሪያ ልኬት ማቅረብ ይገባኝ ነበር፤ ከዚያ ጆሮ የበለጠ መሣሪያ ግን በእጄ አልነበረም።

ዜማው ፈጥኖ መነሣት ሲያስፈልግ ወጣቱ ዲያቆን ከአትሮንሱ ላይ ከበሮውን አንሥቶ በራሱ አንገት አጠለቀው። ይህን እኔ አልነደፍኩትም፤ ከእኔም አልተጠየቀም። ቀድሞ መሪጌታ ከበሮውን በጉልበታቸው ይዘውት ስለሚቀመጡ፣ ከእጃቸው መውሰድ እንደ መንጠቅ ይቆጠር ነበር፤ አሁን ግን ከበሮው ማንም ሳይነጠቅ የሚነሣበት ቦታ አገኘ። ዝግታውን እሳቸው፣ ፍጥነቱን እሱ መምታት ጀመሩ። መሪጌታ ሌላ ሁለት ዓመት በዚህ ዓይነት አገለገሉ፤ ዲያቆኑም በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከአጠገባቸው ሳይለይ የዝግታውን ምት ጭምር ተማረ።

ጉድለቱን ሳልናገር አልወርድም። በክረምት እርጥበት ጠፍሩ ይረግባል፤ ሐምሌ ሲገባ የፊተኛው ማረፊያ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ በእግሩና በማረፊያው መካከል ሽብልቅ እየጨመርን እናስተካክለዋለን። ከዚህም ሌላ ልኬቱ ለዚያ አንድ ከበሮ ብቻ የተበጀ ነው። ከበሮ በእጅ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ በፋብሪካ አባዝተን እንላክ ያላችሁኝ ባልደረቦቼ ይህን እንድታስቡልኝ እለምናለሁ። ለእያንዳንዱ ከበሮ ሁለት ነገር መለካት ይበቃል፤ የሾጣጣነቱን መጠንና የክብደት ማዕከሉን። ለዚህም አንድ ዱላና አንድ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

ባለፈው ጊዜ ስሄድ አናጢው አንድ እንግዳ አስቀምጦ ጠበቀኝ። በሐድራ ላይ ለመንዙማ ድቤ የሚመቱ ሸኽ ናቸው፤ ስለ አትሮንሱ ሰምተው ለእሳቸውም የሚሆን ነገር ይቻል እንደሆነ ሊጠይቁኝ መጡ። አመታታቸው ሌላ፣ አቀማመጣቸውም ሌላ ስለሆነ ያንኑ ልስጥዎ ማለት አልደፈርኩም። መጀመሪያ አንድ ሌሊት ከሐድራው ልቀመጥና ልመልከት አልኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ሰዓቴንና ሜትሬን ይዤ የምሄድበትን ቀን ቀጥረን ተለያየን።