የውሃ ቦቴ በናፍጣ ወይስ በኤሌክትሪክ?

በሶፊ ለአርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃ ቦቴ ነው። ዝናብ ሲቀር፣ ምንጭ ሲመነምን፣ ጉድጓድ ሲደርቅ ዓይናችን የሚያየው ወደ መንገድ ነው። ቦቴው መጣ ሲባል ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ቀረ ሲባል ከብቱም ሰውም ይጠማል። ታዲያ ይህ መኪና በምን ኃይል ይሂድ? በናፍጣ ወይስ በኤሌክትሪክ? ጥያቄው የባለመኪናው ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የነዳጁን ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍለው ጀሪካን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ነው።

ቦቴን እኛ የሐረር አካባቢ ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ በቧንቧ የሚመጣውን ውሃ ነበር። ሐይቁ እየተቀዳ፣ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ደለልም እየሞላው ሄዶ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም ደረቀ። ያን ጊዜ ከተሜው ውሃን ከቦቴ በጀሪካን ገዛ። ኋላ በድሬዳዋ በኩል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር ገባ። ሐይቁም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ውሃ ወደ ሰው የሚመጣው በጉልበት ነው። ጉልበቱ የአህያ ይሁን፣ የናፍጣ ይሁን፣ የኤሌክትሪክ ይሁን፣ ዋጋ አለው።

በመጀመሪያ ናፍጣን እንመልከት። የናፍጣ ሞተር አየርን በኃይል አጭቆ ያግላል። በዚያ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ይነድዳል፤ ሞተሩም ይዞራል። ጠንካራ ሞተር ነው፤ ከባድ ጭነት ይጎትታል። በየከተማው የሚያውቀው መካኒክ አለ። ናፍጣ በበርሜል ተይዞ መብራት ወደሌለበት ገጠር ይሄዳል። ይህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጉድለቱስ? ከሚነደው ናፍጣ ጎማውን የሚያዞረው ሲሶው ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠው ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በከንቱ ይሄዳል። ጭሱም ጤና ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2004 ዓ.ም. አስታውቋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ናፍጣው የአገራችን አይደለም። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከዚያ በነዳጅ ቦቴ ተጭኖ ይመጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ናፍጣን የሚያመጣው ቦቴ ራሱ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚመጣው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ደጋግሞ ጨምሯል። የናፍጣ ወረፋ ሲረዝም የውሃ ወረፋም ይረዝማል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። በዚህ መኪና ውስጥ ትልቅ ባትሪ አለ። ባትሪው እንደ ስልካችን ከመስመር ይሞላል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተሰጠው ኃይል አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል። የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ጭስም የለውም። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆ የሚሄድ የውሃ ቦቴ ሙሉ ሆኖ ይወርዳል፤ ባዶ ሆኖ ይወጣል። የናፍጣው መኪና በቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይፈጃል። የኤሌክትሪኩ ግን ከወረደው ውሃ ክብደት ላይ ጥቂት ኃይል ይለቅማል።

ኃይሉ የሚገኘውም ከራሳችን ወንዝ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ ግድብ ይመነጫል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ገበሬውም ሠራተኛውም ቦንድ ገዝቶበታል።

ነገር ግን ጉድለቱንም አንደብቅ። ባትሪ ውድ ነው፤ ከባድም ነው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚሠራ ቦቴ የሚበቃ ባትሪ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህ ከ50 ጀሪካን ውሃ ክብደት በላይ ነው። እርግጥ የናፍጣ ሞተሩና የነዳጅ ጋኑ ስለማይኖሩ የተወሰነው ይካካሳል። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ጠዋት ቦቴው አይነሳም። የባትሪ መኪና የሚጠግን የሠለጠነ ባለሙያም ገና በየቦታው የለም።

እንግዲህ ክፉና ደጉን በሂሳብ እንየው። እርሳስና ወረቀት አውጡ።

አንድ ቦቴ 10,000 ሊትር ውሃ ይጭናል እንበል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። 10,000 ለ20 ሲካፈል 500 ጀሪካን ይሆናል። ውሃው የሚቀዳበት ቦታ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ፣ ለአንድ ምልልስ 16 ሊትር ይበቃዋል። 16 ሊትር ለ500 ጀሪካን ሲከፋፈል ለአንዱ ጀሪካን የሚደርሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ናፍጣ ነው። ለ10 ጀሪካን ደግሞ የአንድ ሊትር ሲሶ ግድም ይሆናል።

የኤሌክትሪኩ ቦቴ ለዚያው መንገድ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ኪሎዋት ሰዓት ማለት ቤት ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው መለኪያ ነው። 500 ጀሪካን ለ50 ሲካፈል 10 ነው። ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 10 ጀሪካን ውሃ ይመጣል።

እንግዲህ ለ10 ጀሪካን ውሃ የሊትር ሲሶ ናፍጣ ወይም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። የዛሬውን የናፍጣ ዋጋና የመብራት ዋጋ ጠይቁና ራሳችሁ አወዳድሩ።

ይህ ሂሳብ ሌላም ነገር ያሳየናል። በጀሪካን ዋጋ ውስጥ ነዳጅ ብቻ አይደለም ያለው። የሹፌር ደመወዝ፣ ጎማ፣ ጥገና፣ የመኪናው ዋጋም አለበት። ቢሆንም «ናፍጣ ስለጨመረ ነው» ተብሎ የጀሪካን ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር፣ ሁለት ማንኪያ ናፍጣ ስንት እንደሚያወጣ እናውቃለን። መጠየቅም እንችላለን። ፊደል የቆጠረ ሰው በሂሳብ አይታለልም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? እንደ መንገዱ ነው። አጭር መንገድ በየቀኑ ለሚመላለስና ማታ መስመር ወዳለበት ለሚመለስ የውሃ ቦቴ ኤሌክትሪክ ይስማማዋል። በርቀትና በበረሃ፣ ያለ መስመር ለሚሄደው ግን ለጊዜው ናፍጣ ይቀናዋል። ከጅቡቲ ለሚመጣ ረጅም ጭነት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ባቡር ነው። የድሮው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ በእንፋሎት ይሄድ ነበር፤ ኋላ በናፍጣ ሄደ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ባቡሩ ኃይሉን በላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ስለሚወስድ ከባድ ባትሪ መሸከም የለበትም።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የከባድ መኪናው ለውጥ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አስቀድሞ መስመሩ ይጠናከር፤ ባለሙያው ይሠልጥን፤ ከዚያ ቦቴው ይምጣ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ከናፍጣውም ከኤሌክትሪኩም ቦቴ የሚበልጠው ቧንቧ ነው። ቧንቧ ጎማ አያልቅበትም፤ ባዶውን አይመለስም። ሐይቅና ምንጭ ከደረቀ ግን ቦቴውም ቧንቧውም የሚቀዱት የለም። ስለዚህ እርከኑን እንሥራ፤ ምንጩን እናጥር፤ ጉድጓዱን እንጠብቅ። ቦቴ ሲመጣም ጀሪካን ብቻ ይዘን አንውጣ። እርሳስና ወረቀትም እንያዝ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ለአንድ ጀሪካን ስንት ማንኪያ ናፍጣ ይደርሳል?
2. የኤሌክትሪክ ቦቴ በሰፈራችን እንዲሠራ አስቀድሞ ምን መሟላት አለበት?
3. ሐሮማያ ሐይቅ ለምን ደረቀ? በእኛ ምንጭ ላይ ይህ እንዳይደርስ ምን እናድርግ?