በአንድ ኮድ ለሁሉም ስልክ፦ የሞባይል መተግበሪያ ልማት ከምዕራብ ሸዋ አንጻር



አንድ ጊዜ በተጻፈ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይኦኤስም መተግበሪያ መሥራት ዛሬ አዲስ ነገር አይደለም። ፌስቡክ ሪአክት ኔቲቭን እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ አድርጓል፤ የጉግል ፍሉተር የመጀመሪያ ሙሉ ዕትም ደግሞ በ2018 ወጥቷል። ሁለት ቡድን ለማሰማራት አቅም ለሌለው ሁሉ ጥቅማቸው ግልጽ ስለሆነ በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በባኮ የሚኖረውን ተጠቃሚ ማዕቀፉ ያውቀዋልን?

ሁለቱ ማዕቀፎች በአሠራር ይለያያሉ። ሪአክት ኔቲቭ የጽሑፍ ሳጥኑን ከስልኩ ስርዓተ ክወና ይዋሳል፤ ፍሉተር ግን ሁሉንም ራሱ ይስላል። ስለዚህ የፍሉተር መተግበሪያ በየትኛውም ስልክ ላይ አንድ መልክ ይኖረዋል፤ በአንጻሩ ስልኩ የሚያውቀውን ቋንቋና የዘመን አቆጣጠር በቀጥታ አይወርስም።

ቋንቋን እንመልከት። ከፍሉተር ጋር የሚመጣው የትርጉም ጥቅል አማርኛን ይዟል፤ አፋን ኦሮሞን ግን አልያዘም። ተማሪው የራሱን ጽሑፍ በሙሉ ተርጉሞ የመተግበሪያውን ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲያደርግ፣ የጽሑፍ ሳጥን ያለበት ገጽ በሙከራ ላይ ቀይ የስህተት ገጽ ይሆናል። ብዙዎች ታዲያ በአቋራጭ ያልፋሉ፤ ለማዕቀፉ «ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው» ይሉታል። ውጤቱ አርሶ አደሩ ምክሩን በቋንቋው አንብቦ፣ «ሰርዝ» እና «ቅዳ» የሚሉትን አዝራሮች በእንግሊዝኛ ማግኘቱ ነው። ትክክለኛው መንገድ የጎደለውን የትርጉም ክፍል ራስ ጽፎ ማስገባት ነው፤ ማዕቀፉም ይህን ይፈቅዳል። በእኔ እምነት እያንዳንዱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ቡድን ይህን እንደገና ከሚጀምር፣ የቋንቋ ባለሙያዎች ያረሙት አንድ የጋራ ጥቅል በፋኩልቲው ቢቀመጥ ይሻላል። ሌላም አለ፦ ቁቤ ርዝመትንና ጥብቀትን ፊደል በመድገም ስለሚያሳይ፣ ለአማርኛ ቃል የበቃው አዝራር ለአፋን ኦሮሞ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ንድፉን በረጅሙ ጽሑፍ ፈትኑት።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ ይብሳል። የአንድሮይድም የአይኦኤስም ስርዓቶች የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ፤ የፍሉተር ቋንቋ የሆነው ዳርት የሚያሰላው ግን በጎርጎርዮሳዊው ብቻ ነው። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016ን አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ስቶታል። በሰዓት ረገድም ከመናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ በስርዓቱ 6 ሰዓት ነው፤ ያልተለወጠውን ቁጥር ያመነ ተሳፋሪ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል።

መረጃውን በዓለም አቀፉ ሰዓት አስቀምጡ፤ ልወጣውን ለተጠቃሚው በምታሳዩበት ቦታ ብቻ አድርጉ። የመጀመሪያ መፈተኛችሁ ጳጉሜን 6 ቀን 2015፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሁን፤ በኛ አቆጣጠር ቀኑ ገና ሳይለወጥ የስልኩ ቀን የሚለወጠው በዚያች ሰዓት ነውና። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።